ሻይና ጥርሳችን

ከወንዛዬ ፍል ውሃ ታጥቦ ወደ ደብረ ታቦር ደጋ የሚመለስ መንገደኛ ትኩስ ሻይ ቢሻ አያስደንቅም። ገላውን ያጠራ ሰው ግን ስለ ጥርሱም ሊያስብ ይገባዋል።

በሻይ ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር አለ፤ ይኸውም በጥርስ ላይ እየተጣበቀ ቀስ በቀስ ያበልዘዋል። ወተት ሲጨመርበት ታኒኑን አስሮ ስለሚይዘው እድፉ ይቀንሳል። በጾም ወራት ግን ሻያችን ያለ ወተት ነውና ጥንቃቄያችን ሊበዛ ይገባል።

ስለዚህ ሻዩን እንደ ጨረስን አፋችንን በንጹሕ ውሃ እንጉመጥመጥ። ጧትና ማታም በለስላሳ ብሩሽና በጥርስ ሳሙና፥ ይህ ባይገኝ ጫፉ በታኘከ የወይራ መፋቂያ፥ ሳንጫን እናጽዳ።

በከሰልና በአመድ መፈተግ ወይም በሎሚ ማሸት ጥርስን ያነጣ ይመስላል፤ ነገር ግን የላይኛውን ጠንካራ ልባስ ይበላዋል፤ የተበላውም ተመልሶ አይበቅልም። በመፋቅ ያልለቀቀውን የሻይ እድፍ የጥርስ ሐኪም ያነሣዋል።

እናቶችና አባቶች ሆይ፥ በስምጥ ሸለቆ ያደጉ የብዙ ልጆች ጥርስ የሚበልዘው በመጠጥ ውሃው ፍሎራይድ ነው። ይህ የንጽሕና ጉድለት አይደለምና ልጆቹን ስለ ጥርሳቸው ከማሳፈር እንጠበቅ።