ብስክሌቱ አይሸጥም!

ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር አንድ የውድድር ብስክሌት ለሽያጭ ቀርቧል። ባለቤቱ የሰፈራችን ልጅ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ፣ ለምህንድስና የሚያበቃ ውጤት አምጥቶ፣ የት እንደሚማር ሊወስን ተቀምጧል። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ እንጦጦን የሚወጣ ተወዳዳሪም ነው። አባቱ «እንግዲህ ኢንጂነር ልትሆን ነው፤ ሳይክሉን ሽጥና ላፕቶፕ ግዛበት» አሉት። ምክር ፈልጎ እኛ ዘንድ መጣ። እኛስ ምን አልነው? ሥነ ጽሑፍ እንማራለን፣ የሰው ልጅን እናጠናለን የምንለው እኛ፣ ሳቅንበት። «አንተ ልጅ፣ ከጭንቅላትና ከእግር አንዱን ምረጥ እንጂ!»

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ከሁሉ በፊት ግለ ሂስ ነው።

ጭንቅላትን ከእግር ያጣላው ማን ነው? ቀጥቃጩን «ቡዳ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያለ ሲንቅ የኖረው አሮጌ አስተሳሰብ አይደለም? ያ አስተሳሰብ አልሞተም፤ ልብሱን ነው የቀየረው። ዛሬ ወረቀት የያዘውን ቀጥቃጭ «ኢንጂነር» ብሎ ያነግሠዋል፤ ላብ የሚያልበውን ግን አሁንም ይንቀዋል። እኛም «ተራማጅ ነን» እያልን ያንኑ ስድብ በቀልድ ለውሰን ለልጁ አጎረስነው።

ታሪኩን እንይ። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ፣ ሜልቦርን የወሰደችው ሯጮችን ብቻ አልነበረም፤ ብስክሌተኞችም ነበሩ። እነ ገረመው ደንቦባ ለአገራቸው ፔዳል የረገጡት አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከማሸነፉ አራት ዓመት ቀድሞ ነው። በ2008 ዓ.ም ደግሞ የመቐለው ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2018 ዓ.ም መስከረም የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና አፍሪካ ውስጥ፣ ኪጋሊ ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሄደ። ታዲያ ይህ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው?

«እሱስ ይሁን፤ ትምህርትና ውድድር ግን አብረው አይሄዱም፤ ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል» የሚሉን አሉ። ስጋቱን አንንቀውም። ምህንድስና አምስት ዓመት ነው፤ ልምምዱም ቀልድ አይወድም። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም ሐምሌ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የሴቶችን የጎዳና ውድድር ያሸነፈችው ኦስትሪያዊቷ አና ኪዘንሆፈር የሒሳብ ዶክተር ናት። በሙያ ቡድን ውስጥ እንኳ አልነበረችም፤ ዕቅዷን ያወጣችው ራሷ ነበረች። እንግሊዛዊው ዳን ቢጋም መሐንዲስ ነው፤ በ2014 ዓ.ም ነሐሴ በአንድ ሰዓት 55.548 ኪሎ ሜትር ጋልቦ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። ምህንድስናውን ሽጦ አልነበረም፤ በምህንድስናው ነው እንጂ።

ለነገሩ ብስክሌቱ ራሱ ላቦራቶሪ ነው። ነፋስን ሰንጥቆ ፍጥነትን እጥፍ ለማድረግ ጉልበት ስምንት እጥፍ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው፤ ሳንባን ያስጨንቃል፣ ነፋሱን ግን ያቀለዋል። ሌላው ተማሪ ይህን ከሰሌዳ ይገለብጣል፤ የልደታው ልጅ በጉልበቱ ያውቀዋል። የትኛው ነው መሐንዲስ ለመሆን የቀረበው?

እንግዲህ የሚመረጠው በሁለቱ መካከል አይደለም፤ ሁለቱን የሚያስችል ኮሌጅ ነው። ሕንፃ ኮሌጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተቋቋመው፣ እዚያው ልደታ ነው፤ ከእናቱ ጓዳ በእግር ይደረሳል፤ መንገዱ ግን በታክሲና በአውቶቡስ የተጨናነቀ ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ነው፣ ብስክሌት የለመደ ከተማ ነው፤ ለዳገት ግን አይሆንም። መቐለ ዳገቱም ጋላቢውም አለው፤ ከቤት ግን ይርቃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ «ስም ያለው የቱ ነው?» ብሎ በችኮላ ከመሙላት በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ። ከግቢው በር ተነስቶ አንድ ሰዓት ሳይቋረጥ የሚጋለብበት መንገድ በስንት ደቂቃ ይደረሳል? ብስክሌቱ ሌሊት የት ያድራል? ለውድድር ሄዶ ፈተና ያመለጠው ተማሪ በደንብ ይፈተናል ወይስ በመምህሩ ምሕረት?

ሦስተኛው ጥያቄ የልጁ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው። በየግቢው የሚቆለፍ የብስክሌት ማደሪያ እንዲሠራ፣ የተወዳዳሪ ተማሪ የማካካሻ ፈተና በጽሑፍ በተደነገገ ሥርዓት እንዲሰጥ እንጠይቅ። የፈተና ፕሮግራምም በጊዜ ይለጠፍ። ይህ ልመና አይደለም።

የምህንድስና ጓደኞቻችን ሆይ፣ እናንተም «ሰቃይ» ለመባል ሰውነታችሁን አትካዱ። አባትየውንም አንወቅስም፤ እሳቸው የፈሩት የልጃቸውን ረሃብ ነው፤ እኛ ግን የፈራነው ምንም ሳይኖር ነው የሳቅነው።

እስካሁን ሁለት ገዥ መጥቶ በዋጋ ሳይስማማ ተመልሷል። ሦስተኛው ሳይመጣ ልደታ ወርደን ቃላችንን እንመልስ። አባቱ ባሉበት «ተሳስተን ነበር፤ ብስክሌቱ አይሸጥም» እንበል። ላፕቶፑን በዕቁብም ቢሆን እናዋጣለን።