የጢም ብሩሽና የቀንድ እጀታው

«ቀድሞ የወጣን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው» ይላል ያገራችን ሰው። ዛሬ ደግሞ ቀንድም በተራው ከሁሉ ኋላ በመጣው በፕላስቲክ ተበልጧል። ቀድሞ ከቀንድ ይሠሩ የነበሩት ማበጠሪያ፥ የልብስ ቁልፍና የቢላዋ እጀታ አሁን በአብዛኛው ከፕላስቲክ ይሠራሉ። በሎንዶን ከተማ ከጥንት ጀምሮ የነበረው የቀንድ ሠራተኞች ማኅበር እንኳ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1943 ፕላስቲክን የሙያው ወራሽ አድርጎ ተቀብሎታል። ይሁን እንጂ ቀንድ ጨርሶ አልተረሳም። በእኛ ዘንድ ዋንጫው አለ፤ በውጭ አገር ደግሞ የቀንድ እጀታ ያለው የጢም ብሩሽ አሁንም ይሠራል።

የዛሬው ጨዋታችን ስለዚሁ ብሩሽ ነው። እንዲህ ያለውን ብሩሽ ካባቱ የወረሰ፥ በስጦታ ያገኘ ወይም ከደመወዙ ቆጥቦ የገዛ ወጣት ብዙ ጊዜ በሁለት ነገር ይሳሳታል። አንደኛ፥ ደኅናውን ዕቃ ጉድለት አለበት ብሎ ይጥለዋል። ሁለተኛ፥ ጉድለት ያልነበረበትን ዕቃ በአያያዝ ያበላሸዋል።

ለመሆኑ ቀንድ ምንድን ነው? ቀንድ አጥንት አይደለም። አጥንቱ በውስጥ ያለው ነው፤ ቀንዱ በዚያ ላይ እንደ ሰገባ የለበሰ ሆኖ፥ ጥፍራችንና ጠጉራችን ከተሠሩበት ኬራቲን ከሚባለው ነገር የተሠራ ነው። ሲያድግም እንደ ተነባበረ እንጀራ ድርብ በድርብ ነው። ወደ ሥሩ ክፍት ስለሆነ ለዋንጫ ይመቻል፤ ወደ ጫፉ ግን ድፍን ስለሆነ ለእጀታ የሚመረጠው ይኸው ጫፉ ነው።

እንግዲህ ከብቱ በሕይወቱ ሳለ ያለፈበት ሁሉ በቀንዱ ላይ ይቀራል። ከዛፍ ጋር ታክኮ፥ ከጓደኛው ጋር ተዋግቶ፥ በበጋ ተርቦ በክረምት ጠግቦ ያደገ ነው። ስለዚህ በእጀታው ላይ ነጭና ጥቁር ጅራት፥ ደመና የመሰለ ጥላ፥ ጠጉር የሚያህል ቀጭን መስመር ወይም የመርፌ ጫፍ የሚያህል ነጥብ ቢታይ አያስደንቅም። አንዱ ወገን ብርሃን ሲያሳልፍ ሌላው ጨለማ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ የተፈጥሮ ምልክቶች እንጂ የሠራተኛው ጥፋት አይደሉም። እንዲያውም ሁለት እጀታዎች ቁርጥ አንድ ዓይነት ሆነው ከተገኙ፥ ዕቃው ፕላስቲክ ሳይሆን አይቀርም ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ይሁን እንጂ ሁሉም መስመር ንጹሕ አይደለም። መስመሩን ከስንጥቅ ለመለየት ጥፍርህን በላዩ ላይ አሻግረህ ጎትት። ጥፍርህ ሳይደናቀፍ ካለፈ የቀለም መስመር ነው፤ ከያዘው ግን ስንጥቅ ነው። ስንጥቁም እንደ ቦታው ይለያያል። በእጀታው ወገብ ላይ ያለ ትንሽ ስንጥቅ በቀጭን ሙጫ ተሞልቶ ብዙ ዘመን ሊያገለግል ይችላል። ጠጉሩ ከተተከለበት ከአፉ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ግን፥ ውኃ በዚያ ገብቶ የጠጉሩን ሙጫ ስለሚያላቅቅ፥ እንዲህ ያለውን አትግዛ። እንደ ቅርፊት የሚነሳ ድርብ ያለበትንም እንዲሁ።

አሁን ወደ አያያዙ እንለፍ። የቀንድ ትልቁ ጠላት የፈላ ውኃ ነው። የቀንድ ሠራተኞች ቀንዱን በፈላ ውኃ አለስልሰው እንደ ልባቸው ያጥፉትና ይጫኑት ነበር፤ በዚህ ዓይነት በቀድሞ ዘመን የፋኖስ መስተዋት እንኳ ከስስ ቀንድ ይሠራ ነበር። እንግዲህ ለሠራተኛው የታዘዘ ቀንድ፥ አንተም ጧት ጧት በፈላ ውኃ ብትነክረው መጣመሙ አይቀርም። ስለዚህ ለብ ባለ ውኃ ጠጉሩን ብቻ ንከር፤ እጀታውን አትንከር።

ሁለተኛው ጠላት ርጥበትና ድርቀት መፈራረቃቸው ነው። ቀንድ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ድርቦቹም እኩል ስለማይደርቁ ይሰነጠቃል። ተላጭተህ ስትጨርስ ሳሙናውን በደንብ አጥበህ አራግፈው፤ እጀታውን በፎጣ አድርቀህ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ አስቀምጠው። በበጋ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ወይም በምድጃ አጠገብ አታኑረው፤ በክረምትም እርጥቡን በሣጥን አትዝጋበት፥ ይሻግታልና። እጀታው ደብዝዞ ሲታይህ ጥቂት ቫዝሊን በጨርቅ ቀብተህ ወልውለው። ቅቤ ይሸታል፥ የኑግ ዘይትም ሲቆይ ይጣበቃል። ብልም ሱፍ እንደሚበላ ሁሉ የብሩሹን ጠጉር ስለሚወድ፥ ለብዙ ጊዜ የማትገለገልበት ከሆነ አልፎ አልፎ እያወጣህ ተመልከተው።

ስለ ጠጉሩም አንድ ቃል እንጨምር። ጥሩው ጠጉር ባጀር ከሚባለው አውሬ የሚገኝ ሲሆን፥ ርካሹ የአሳማ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1914 እስከ 1918፥ የፈረስ ጠጉር ባጀር እንዲመስል እየተደረገ በሚገባ ሳይጸዳ ለብሩሽ ይውል ነበር። ከዚህም የተነሣ በአሜሪካና በእንግሊዝ ወታደሮችና ሌሎችም ሰዎች ፊታቸውን ሲላጩ በአባ ሰንጋ ተለክፈው የሞቱ አሉ። ከዚያ ወዲህ ጠጉሩ በፋብሪካ እንዲጸዳ ሕግ ወጣ። ከዚያ ዘመን የቀረ አሮጌ ብሩሽ ያለው ሰው ለማስታወሻ ያኑረው እንጂ በፊቱ ላይ አያድርገው።

ከዚህም ሌላ፥ ባንድ ክፍል አብረው የሚኖሩ ተማሪዎች ባንድ ብሩሽና ባንድ ምላጭ ሲገለገሉ ይታያሉ። ወንድማማችነቱ መልካም ነው። ነገር ግን ምላጭ የቆዳን ገጽ በጥቂቱም ቢሆን ስለሚቈርጥ፥ የአንዱ ቍስል ለሌላው ይተርፋል። ሳሙናውን ተካፈሉ፤ ብሩሹና ምላጩ ግን የየግላችሁ ይሁን።

በጥንቃቄ የተያዘ ብሩሽ ብዙ ዘመን ያገለግላል። ጠጉሩ ቢያልቅ እንኳ እጀታው ደኅና ከሆነ ባለሙያ ሌላ ጠጉር ሊተክልበት ይችላል። ለዚህም የሚጠይቀው ዋጋ ጧት ከመላጨት በኋላ አንድ ጊዜ በፎጣ መጥረግ ብቻ ነው።