ጳጳሱና ሾፌሩ

ሰማዕት ሲባል ብዙዎቻችን የጥንት ታሪክ ይመስለናል። የአልጄሪያው ካቶሊክ ጳጳስ ፒየር ክላቨሪ ግን የኛ ዘመን ሰው ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1938 አልጀርስ ውስጥ ከፈረንሳይ ሰፋሪዎች ተወለዱ። አረብ ጎረቤቶቻቸውን ሳያውቁ ማደጋቸው ኋላ ቆጭቷቸዋል። አገሪቱ በ1962 ነጻ ስትወጣ ሰፋሪው በገፍ ወጣ፤ እሳቸው ግን በ1967 ቄስ ሆነው ተመለሱ፣ አረብኛም ተማሩ። በ1981 የኦራን ጳጳስ ሆኑ። በ1990ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነት ታጣቂዎች የውጭ ዜጎችን እንዲወጡ ሲያስፈራሩ እሳቸው ቀሩ።

ኦገስት 1 ቀን 1996 ደጃፋቸው ላይ የፈነዳ ቦምብ እሳቸውንና ሙስሊም ሾፌራቸውን መሐመድ ቡሺኪን ገደለ። መሐመድ ገና 21 ዓመቱ ነበር። አደጋውን ስለሚያውቅ የስንብት ቃሉን ጽፎ አስቀምጧል፤ ግን አልሸሸም።

ቤተ ክርስቲያን በ2018 ክላቨሪን ከሌሎች 18 ሰዎች ጋር «ብፁዕ» አለቻቸው። መሐመድ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ሙስሊም ነዋ! ሥርዓቱ ነውና አንከራከርም። እኛ ግን የአንዱን ስም ያለ ሌላው አንጠራም። ጳጳሱ ጎረቤታቸውን ለማወቅ ዕድሜያቸውን ሰጡ፤ የኛ እኩያ ደግሞ ወዳጁን ብቻውን አልተወም። እኛስ? የጎረቤታችንን ሃይማኖት ከመጠየቃችን በፊት ስሙን እንኳ እናውቀዋለን?