ሒሳብ ለዓይን ብቻ ነውን?

ከላስታ ተራሮች ወርደን ወደዚህ ዩኒቨርስቲ ከመጣነው መካከል ለብዙዎቻችን አንድ ነገር ሲያንገበግበን ኖሯል፤ ዛሬ እንናገረዋለን። ዓይነ ስውር ልጅ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ብዙ ጊዜ «ሒሳቡ ይቅርብህ፥ ይከብድሃል» ይባላል። ይህም እንደ ርኅራኄ ይቆጠራል። እኛ ግን በር መዝጋት እንለዋለን፤ ሒሳብ የቀረበት ልጅ ሳይንሱም ምሕንድስናውም ገና ሳይመርጥ ቀርተውበታልና።

እንዲህ የሚሉ ሰዎች የቆሙበትን ምድር ይጠይቁ። የላስታ ጎረቤት ዋድላ ነው፤ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚጠራ የቅኔ አገር። በአብነት ትምህርት ቤት ዓይነ ስውሩ ከዓይናማው ጋር በአንድ ጉባኤ ተቀምጦ በቃል ተምሯል፤ ወንበር ዘርግቶ ያስተማረም አለ። ትምህርቱም ቁጥር አለበት። ባሕረ ሐሳብ ራሱ ሒሳብ ነው። 2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ፤ 5500 ሲጨመርበት 7518 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1879 ይደርሳል፥ 2 ይተርፋል፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው። 7518 እና 1879 ሲደመሩ 9397 ነው፤ ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። አንድ ሲተርፍ ማክሰኞ፥ ሁለት ሲተርፍ ረቡዕ፥ ሦስት ሲተርፍ ሐሙስ ነውና መስከረም 1 ቀን ሐሙስ ዋለ። ይህን በቃሉ የሚያሰላ ሰው በኖረበት አገር «ሒሳብ ለማያይ አይሆንም» ማለት ዕውቀት ነው ወይስ ስንፍና?

እንግዲህ የሰባተኛ ክፍል መምህር ማካፈልን በባሕረ ሐሳብ ይጀምር። የጋራ ብዜትን በቅኔ ያስተምር፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፥ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት ነው። ሁለት ልጆች እኩል ጀምረው እየደጋገሙ ቢሉ አብረው የሚያርፉት በስድስተኛው ቤት ነው። ወሎ የመንዙማም አገር ነውና መንዙማውም እንቆቅልሹም ይቆጠር። «ሥነ ጽሑፍ ሒሳብን ያቀልለዋል» የሚሉን አሉ። ስድስት በቅኔም ሆነ በጥቁር ሰሌዳ ስድስት ነው!

ነገር ግን ራሳችንንም እንገሥጽ። «ዓይነ ስውር ቃል ይይዛል» እያሉ አመስግኖ ብሬል መንፈግ ሌላው በደል ነው። ጆሮ ያስጀምራል እንጂ አይጨርስም። በወረቀት ላይ ከላይና ከታች የሚጻፈው ክፍልፋይ በብሬል በአንድ መስመር ይዘረጋል፤ ይህን ለማንበብ ጣት መልመድ አለበት። አብርሃም ኔሜት የተባለው ዓይነ ስውር የሒሳብ ሊቅ ለሒሳብ የሚሆን የብሬል ሥርዓት አዘጋጅቶ በ1952 እ.ኤ.አ. የታተመለት ይህን ችግር ስላወቀ ነው። ለጂኦሜትሪም ካርቶን ይበቃል፤ ቤተ ጊዮርጊስን የሚያስታውስ መስቀል ከአምስት እኩል ካሬዎች ቢሠራ፥ የእያንዳንዱ ጎን 1 ሲሆን ስፋቱ 5፥ ዙሪያው 12 መሆኑን ጣት ራሱ ቆጥሮ ያገኘዋል።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የጸደቀ ወረቀት ግን ማካፈል አያስተምርም፤ የሚያስተምረው መምህር ነው። ስለዚህ ለመምህርነት የምንሠለጥን ሁሉ ብሬል ሳናውቅ አንመረቅ እንላለን። መምህራኖቻችንም «ይቅርብህ» የሚለውን ቃል ከክፍላቸው ያውጡ። ልጁ ይከብደው እንደሆነ ከሞከረው በኋላ ራሱ ይንገረን!