በቁም ያልተመሰገኑት

ወጣቶች ሆይ፤ በምርቃት ቀን ጥቁር ካባ ለብሶ ወደ መድረክ የሚወጣውን ተናጋሪ አስተውላችሁ ስሙት። አስቀድሞ የክብር እንግዳውን ያመሰግናል፤ ቀጥሎ የኃላፊዎችን ስም ከነማዕረጋቸው አንድም ሳያስቀር ይጠራል። ከዚያ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በልዩ ልዩ መንገድ የረዱኝንም ሁሉ» ይልና ይቀመጣል። እኔ የምጣላው ከዚህ «ሁሉ» ከሚለው ቃል ጋር ነው። ለባለ ሥልጣኑ ስም ተገኘለት፤ ተሸክሞ ላሳደገው ግን ስም ጠፋለት። ይህ ዕዳን ላለመክፈል የተፈለሰፈ ብልሃት እንጂ ምስጋና አይደለም።

ይህን የምናገረው ከሌላው ተሽዬ አይደለም። ያደግሁት በኩርሙክ ነው። ኩርሙክ ከአሶሳ ወደ ሰሜን ምዕራብ በሱዳን ጠረፍ ላይ የምትገኝ ስትሆን፥ ከወሰኑ ማዶም በዚያው ስም የምትጠራ ሌላ ከተማ አለች። በዚያ አገር ወርቅ ከአፈርና ከወንዝ አሸዋ ይወጣል፤ ወንዶች ጉድጓድ ይቆፍራሉ፥ ሴቶች አፈሩን በገበታ አድርገው በውኃ እያሽከረከሩ ያጥባሉ። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ውለው የሚያገኙት አንዳንድ ጊዜ ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም፤ አንዳንድ ቀንም ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

በጎረቤታችን እንዲህ ወርቅ በማጠብ የምትኖር አንዲት የበርታ ሴት ነበረች። የሠፈሩ ልጆች ሁላችን ሃቦባ እንላት ነበር፤ በሱዳኖች ዓረብኛ አያት ማለት ነው። ዘመዴ አይደለችም፤ ፊደልም አልቆጠረችም። ደብተሬ ያለቀ ጊዜ ግን በጨርቅ ቋጥራ ያኖረቻትን ወርቅ ከነጋዴው ዘንድ ወስዳ አስመዘነችና ደብተርና እርሳስ ገዛችልኝ። ይህንንም ያደረገችው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ማታ ማታ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ «ዛሬ የተማርኸውን አንብብልኝ» ትለኝ ነበር። አማርኛ ብዙም አትሰማም፤ ነገር ግን አንዱ ቃል ከብዶኝ ዝም ስል ወዲያው ታውቅብኛለች። «ለምን ቆምህ?» ትለኛለች። እኔም እንዳልቆም ስል አስቀድሜ አጠና ጀመር።

ኋላ አሶሳ ገብቼ ስማር ሳለ፥ አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር በገበያ ስናልፍ ስሜን ጠርታ በበርታ ቋንቋ ሰላም አለችኝ። ልብሷ አቧራ ነበረበት፤ እግሯም ባዶ ነበር። አንደኛው ጓደኛዬ «ማን ናት?» ቢለኝ «የሠፈር ሰው ናት» ብዬ መንገዴን ቀጠልሁ። የተናገርሁት ቃል ሐሰት አልነበረም፤ ከሐሰት ግን ይከፋ ነበር።

የውለታ ቢሶችን ክርክር እንግዲህ ከውስጥ ሆኜ አውቀዋለሁ። አንዱ «እኔ ራሴን በራሴ ያሳደግሁ ነኝ» ይላል፤ እትብቱን ማን እንደቆረጠለት ግን አይናገርም። ሌላው «መምህሩ ደመወዙን ተቀብሏል፤ ምን ዕዳ አለብኝ?» ይላል። ደመወዝ የሚከፈለው ለሰዓቱ ነው፤ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ቀርቶ ለደካማው ልጅ ማካፈልን ሦስት ጊዜ የደገመለትን መምህር ደመወዝ ከፋዩ አያውቀውም። ለሃቦባስ ከየትኛው ካዝና ተከፈላት? ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን «ልቤ ያውቃል፤ መናገር ለምን ያስፈልጋል?» የሚለው ነው። ይህ ሰው ክፉ አይደለም፤ እኔም ብዙ ዘመን እንደርሱ ነበርሁ። ነገር ግን የእርሱ ልብ የሚያውቀውን ያች ሴት በምን ታውቀዋለች?

እኛ ለሞተ ሰው ንፉጎች አይደለንም። ድንኳን እንተክላለን፤ የሕይወት ታሪክ አስጽፈን እናስነብባለን፤ በቁሙ ያልጠየቅነውን ሰው «አባታችን» እያልን እናለቅስለታለን። ለታወቀ ሰው እንኳ ልማዳችን ይኸው ነው። ምሩጽ ይፍጠር በሐምሌ ወር 1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ በ10,000 እና በ5,000 ሜትር ሲያሸንፍ፥ በአርሲ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ወሬውን በሬዲዮ ሰማ። ልጁ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። እርሱም በአትላንታና በሲድኒ የወርቅ ሜዳይ ያገኘ ሰው ሆኖ ሳለ፥ ለሩጫ ያነሣሣው ምሩጽ መሆኑን ስሙንና ድሉን ለይቶ እየጠራ ተናገረ፤ ይህንም ያደረገው ምሩጽ በሕይወት ሳለ ነው። ምስጋና የምለው ይህን ነው። ምሩጽ በካናዳ ብዙ ዓመት ኖሮ በታኅሣሥ ወር 2009 ዓ.ም. በቶሮንቶ ዐረፈ፤ አስከሬኑም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ተቀበረ። ክብሩ ይገባዋል። ነገር ግን በዚያ ሰሞን ካዘንነው መካከል፥ በባዕድ አገር ሲኖር አንዲት ደብዳቤ የጻፈለት ስንቱ ነው? እኔ አልጻፍሁም።

ለዝነኛው እንዲህ ከሆነ፥ ለወርቅ አጣቢዋ ድንኳን እስኪተከልላት መጠበቅ ነውር መሆኑ ገባኝና ባለፈው በጋ ወደ ኩርሙክ ሄድሁ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ምክንያት ብዙ ሰው ነፍሱን ለማዳን በዚያ በኩል ወደ አገራችን ገብቷልና፥ መንገዱ ላይ የማላውቀው ፊት በዝቶ ነበር። ሃቦባ አርጅታለች፤ ዓይኗም ደክሟል። ገዝቼላት የነበረውን ልብስ ከጭኗ ላይ አኑሬ ስለ ደብተሩ አመሰገንኋት። «የትኛው ደብተር?» አለችኝ። ለስንት ልጅ እንደገዛች አታስታውስም። ስለ ገበያው ይቅርታ ስጠይቃት ግን እርሱን አልረሳችውም። «ታመህ መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የሌሎች ሦስት ልጆችን ስም ጠርታ ወሬያቸውን ጠየቀችኝ። እንደ እኔ ደጃፏ ላይ ያነበቡ ናቸው። «ካገኘሃቸው ደኅና ናት በላቸው» አለችኝ። አንደኛው የሚሠራበትን መሥሪያ ቤት አውቀዋለሁ፤ ሰኞ እሄዳለሁ።