ርእሰ አንቀጽ፦ አሮጌው የመብራት ኃይል ቤትና መንገዱ

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ ከተማዪቱ መብራት አጣች፤ ጨለማውም ለብዙ ወራት ዘለቀ። ያን ጊዜ ከላስታ ተራሮች የሚነሣው ተከዜ መፍሰሱን አላቋረጠም። በታችኛው ሸለቆ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብም በቦታው ነበረ። የተቋረጠው መስመሩ እንጂ ውሃው አልነበረም።

ይህን የምናነሣው ሐዘን ለመቀስቀስ አይደለም። ስለ ትንንሽና አሮጌ ማመንጫዎች በተነሣ ቁጥር፣ «በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ 5,150 ሜጋ ዋት ያለው የሕዳሴ ግድብ ከተመረቀ ወዲያ እነዚህ ለምን ይጠቅማሉ?» የሚሉ ጓደኞች ስላሉን ነው። ግድቡ የሁላችንም ኩራት ነው። ነገር ግን በሩቅ ያለ ብዙ ኃይልና በደጅ ያለ ጥቂት ኃይል አንድ አለመሆናቸውን የላሊበላ ሰው ያውቀዋል።

አባ ሳሙኤልን እንመልከት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በአቃቂ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራው ይህ ጣቢያ ለአገራችን የውሃ ኃይል ማመንጫዎች ሁሉ ታላቅ ወንድማቸው ነው። ጉልበቱ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ነው። ደለል ሐይቁን እየሞላው፣ መሣሪያው እያረጀና ጠጋኝ እያጣ ሄዶ ሥራ አቆመ፤ 40 ዓመት ያህልም ዝም ብሎ ተቀመጠ። በመጨረሻ በቻይና መንግሥት እርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ማመንጨት ጀመረ። እንግዲህ አሮጌ ማለት የሞተ ማለት አይደለም። ሆኖም ደለሉ የሚመጣው በየዓመቱ ነው፤ የከተማው ቆሻሻም ወደዚያው ሐይቅ ይወርዳል። ጠራጊውና ጠጋኙ ሁልጊዜ የሚደርሱበት መንገድ ከሌለ እድሳቱ ለምርቃት ቀን ብቻ ይሆናል።

ስለ መንገድ ካነሣን የሎንዶኑን ባተርሲ እንጥቀስ። ይህ ግዙፍ የከሰል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1983 ተዘግቶ ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲተላለፍ ኖረ፤ ዕቅድ ሳይታጣለት ዕቅዱ ሁሉ እየወደቀ ነው። በ2021 የምድር ውስጥ ባቡር እስከ ደጃፉ ተዘረጋለት፤ በዓመቱ በ2022 ሕንፃው ለሕዝብ ተከፈተ። የገቡበት ሱቆችና የባለጸጎች መኖሪያ ናቸውና ይቀዳልን አንልም። ባቡሩ መቅደሙን ግን ልብ ይሏል።

ወደ ላስታ እንመለስ። ከወልድያ ወደ ወረታ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ካለችው ከጋሸና እስከ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትራንስፎርመር፣ ናፍጣና ባለሙያ በዚህ ዓይነቱ መንገድ ነው የሚደርሱት። ከከተማ እስከ ወንዝ ዳር ደግሞ ሌላ ጥርጊያ ያስፈልጋል፤ የላስታ አህያ ብርቱ ብትሆንም ተርባይን አትሸከምም። የደጋው ወንዞች በበጋ ስለሚመነምኑም ውሃው ብቻውን አይበቃም፤ ፀሐይና የናፍጣ ሞተር ሊያግዙት ይገባል። ዋናው መስመር ሳይደርስ ብዙዎቹን የአገራችንን ከተሞች ያበሩት እነዚሁ የናፍጣ ሞተሮች ነበሩ። ዛሬ ሞተሩ ያለበትን ሁኔታ ማን መዝግቦታል?

ስለሆነም በመጪው ክረምት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ፣ በከተማችሁ አሮጌ የመብራት ኃይል ቤት ካለ ሳይፈርስና ሞተሩ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ሳይሸጥ አይታችሁ መዝግቡልን። ሞተሩ ምን ዓይነት ነው? መቼ ቆመ? የጭነት መኪና እስከ በሩ ይገባል ወይስ አይገባም? የምሕንድስና መምህራኖቻችንም የመመዝገቢያውን ቅጽ በማዘጋጀት እንዲረዱን በአክብሮት እንጠይቃለን። የመጣው መዝገብ በዚሁ ገጽ ይታተማል፤ ቅጂውም ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይላካል።