የቢራ ገቢ ንግድ ማነስ ብቻውን የኢኮኖሚ ነፃነት ምልክት አይሆንም

አንዲት አገር ከውጭ የምታስገባው የፍጆታ ዕቃ ሲያንስ ኢኮኖሚዋ ከጥገኝነት እንደተላቀቀ አድርጎ መገመት የተለመደ ስሕተት ነው። የጉምሩክ መዝገብ በወደብ ያለፈውን ጠርሙስ ይቆጥራል እንጂ ፋብሪካው የማን እንደሆነ፣ ጥሬ ዕቃው ከየት እንደመጣ፣ ትርፉም ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም። ይህን ሐቅ ከሚያረጋግጡት ተጨባጭ ምሳሌዎች አንዱ የቬትናም የቢራ ንግድ ታሪክ ነው። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ የመጠጥ ጉዳይ ቢመስልም በመሠረቱ የምርት መሣሪያዎች ባለቤትነት ጥያቄ ነውና ሠራተኛውና በየቀበሌው የሚኖረው ሕዝብ ሊመረምረው ይገባል እንላለን።

ቢራ ወደ ቬትናም የገባው ከፈረንሳይ ቅኝ ገዥዎች ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1875 ቪክቶር ላሩ የተባለ ፈረንሳዊ በሳይጎን፣ በ1890 ደግሞ ኦሜል የተባለ ባለሀብት በሐኖይ የቢራ ጠመቃ አቋቋሙ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዘመን የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር የአልኮል፣ የጨውና የኦፒየም ንግድን በሞኖፖል ይዞ ነበር። ገበሬው ራሱ ካመረተው ሩዝ በቤቱ አረቄ ማውጣት ወንጀል ሆኖበት የሞኖፖሉን አረቄ እንዲገዛ ተገደደ። የባዕድ ካፒታል ሕዝቡን የመበዝበዝ ጉዞውን የጀመረው እንግዲህ ከማድጋውና ከማሰሮው ነበር ማለት ነው።

ፈረንሳይ በ1954 ድል ተመትታ ከወጣች በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። የሐኖዩ ፋብሪካ በቼኮስሎቫኪያ ባለሙያዎች እርዳታ ታድሶ በ1958 በከተማይቱ በሚገኝ ሐይቅ ስም «ቹክ ባክ» የተሰኘውን ቢራ አወጣ። የሳይጎኑም ፋብሪካ ከ1975ቱ የአገሪቱ ውህደት በኋላ በ1977 በመንግሥት እጅ ገባ። ያ ዘመን ጉድለት አልነበረበትም አንልም። ቢራው ጥቂት፣ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ የሐኖይ ሠራተኛ «ቢያ ሆይ» የሚባለውን በየዕለቱ የሚጠመቅ ቀለል ያለ ቢራ ይጠጣ የነበረው ከጠርሙስ ስብርባሪ በቀለጠ ሸካራ ብርጭቆ ነበር። እጥረትን እንደ ድል መቁጠር አይገባም። ይሁን እንጂ ፋብሪካው የማን እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነበር።

በ1986 «ዶይ ሞይ» የተሰኘው የኢኮኖሚ ማሻሻያ ሲታወጅ የውጭ ካፒታል በሩ ተከፈተለት። በመጀመሪያ የታየው የውጭው ጠርሙስ ነበር። ቀጥሎ ግን ስልቱ ተለወጠ። በ1991 የሆላንዱ ሃይኒከን ከአገር ውስጥ ድርጅት ጋር ሽርክና ፈጥሮ ቀድሞ ከሆላንድ በመርከብ ይመጣ የነበረውን ቢራ ከ1994 ጀምሮ እዚያው ቬትናም ውስጥ ይጠምቅ ጀመር። ከፍተኛ ቀረጥ የተጣለበትን ጠርሙስ በወደብ ከማስገባት ይልቅ ፋብሪካውን ከቀረጡ አጥር ውስጥ መትከል ይበልጥ አትራፊ ሆኖ ተገኘ።

አጥሩም ቢሆን እየዘመመ መጥቷል። ቬትናም በ2007 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ስትሆን በቢራ ላይ የነበረውን 65 በመቶ የገቢ ቀረጥ በ5 ዓመት ውስጥ ወደ 35 በመቶ ለማውረድ ተስማማች። በ2020 የጸናው ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የተደረገው የንግድ ውል ደግሞ የአውሮፓ ቢራ ቀረጥ ደረጃ በደረጃ እንዲነሣ ይደነግጋል። ሆኖም ዛሬም ቬትናማውያን ከሚጠጡት ቢራ እጅግ የሚበዛው በአገር ውስጥ የተጠመቀ ነው። ስለዚህ የውጭ ጠርሙስ አነስተኛ ነው፤ አገሪቱ ራሷን ችላለች ማለት ነውን?

አይደለም። በመጀመሪያ፣ የቬትናም አየር ለቢራ ገብስ አይስማማም። ከሩዙ በቀር ብቅሉ፣ እንዲሁም በእኛ ጠላ የጌሾን ቦታ የሚይዘው ሆፕስ የሚባለው ተክል ከባሕር ማዶ ይመጣሉ። ጠርሙሱ በወደብ ባያልፍም በውስጡ ያለው አልፏል። ሁለተኛ፣ በ2017 መጨረሻ መንግሥት የሳይጎኑን ፋብሪካ ከሚያስተዳድረው ከሳቤኮ ኩባንያ 53.59 በመቶ የሚሆነውን አክሲዮን በ4.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለታይላንዱ ታይቤቭ ሸጠ። የውጭ ባለሀብት ድርሻ ከ49 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ስለነበረ ግዢው የተፈጸመው ቬትናም ውስጥ በተመዘገበ ኩባንያ ስም ነው። የሕጉ ቃል ተከበረ፤ ባለቤትነቱ ግን ተሻገረ። መንግሥት ብዙ ገንዘብ ማግኘቱንና 36 በመቶ ገደማ ድርሻ ማስቀረቱን አንክድም። ነገር ግን የሽያጩ ገንዘብ አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ትርፉ በየዓመቱ ይወጣል።

ይህ ታሪክ ከእኛም ደጃፍ የራቀ አይደለም። ከላሩ ጠመቃ የበቀለው ቢጂአይ የተባለው ኩባንያ በስሙ መጨረሻ ያለው ፊደል መጀመሪያ ኢንዶቻይናን ያመለክት ነበር፤ በኋላ «ዓለም አቀፍ» ማለት ሆነ። እስያን ያጣው ካፒታል ወደ አፍሪካ ፊቱን አዞረ። በ1922 የተቋቋመውና በ1975 የሕዝብ ሀብት ሆኖ የነበረው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1998 የተሸጠው ካስቴል በተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ሥር ለሚገኘው ለዚሁ ቢጂአይ ነው። የሳይጎን ሠራተኛና የአዲስ አበባ ሠራተኛ ሳይተዋወቁ የአንድ ታሪክ ተካፋዮች ናቸው።

በሌላ በኩል የመጠጡን ጉዳት መዘንጋት አይቻልም። ቬትናም ከ2020 መግቢያ ጀምሮ ጥቂትም ቢሆን ጠጥቶ መንዳትን በጥብቅ ከልክላለች፤ ከ2018 ጀምሮ 65 በመቶ የሆነውን የቢራ ልዩ የፍጆታ ግብርም ከ2027 አንሥቶ በየዓመቱ ከፍ በማድረግ በ2031 90 በመቶ ለማድረስ በ2025 ሕግ አውጥታለች። ትርፉ ወደ ውጭ የሚሄድ፣ ሕመሙና የመንገድ አደጋው ግን በሠፈር የሚቀር ከሆነ ሒሳቡ ለሕዝብ የተዛባ ነው። ግብሩ ይህን መዛባት በከፊል ያርማል እንጂ አያጠፋውም።

ስለዚህ የሠፈር ማኅበር አባላትም ሆኑ ሠራተኞች «በአገር ውስጥ የተመረተ» የሚለውን ጽሑፍ ባነበቡ ቁጥር ሦስት ጥያቄዎችን ማንሣት ይገባቸዋል፦ የማን ፋብሪካ ነው? ከማን ማሳ በተገኘ እህል ተመረተ? ትርፉስ ለማን ይደርሳል? የሦስቱም መልስ ለሕዝብ ግልጽ እስካልሆነ ድረስ የገቢ ንግዱ አኃዝ ቢወርድ ቢወጣ የነፃነት መለኪያ ሊሆን አይችልም።